መጀመሪያ የሚያቆመውን፣ ከዚያ የሚያስኬደውን
አሮጌ ላንድሮቨር ስለመያዝና ስለማሻሻል የቀረበ ንግግር

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ይህ ጽሑፍ በዩኒየናችን የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ክፍል ለረጅም ዓመታት በሾፌርነትና በመካኒክነት ያገለገሉ ባልደረባችን በ25ኛው ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲያመች በንዑስ ርዕሶች ተከፍሎ ቀርቧል።)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ አሮጌዋ ላንድሮቨር ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስለ ምርት ግብይት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ ብድርና ቁጠባ የሚናገሩ የተማሩ ሰዎች ሞልተዋል። እኔ ከመሪና ከመፍቻ ያለፈ እውቀት የለኝም። ሆኖም ዛሬ ጠዋት መኪናዋ በአበባ አጊጣ በር ላይ ቆማ ሳለ ሦስት የመሠረታዊ ማኅበር ተወካዮች በተለያየ ሰዓት መጥተው «እንዲህ ያለች አሮጌ መኪና ብንገዛ ያዋጣናል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ የምናገረው ነገር እንዳለኝ ገባኝ።

ጥያቄው የዘመኑ ጥያቄ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ከውጭ ሲገቡ በዕድሜያቸው ልክ ታክሱ እየከበደ እንዲሄድ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። በመሆኑም ብዙ ማኅበራት ዓይናቸውን አገር ውስጥ ወዳሉት አሮጌ መኪኖች ቢያዞሩ አያስገርምም። እኔም አትግዙ አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ እሱንም የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው።

የገበሬ መኪና

ላንድሮቨር ከመነሻዋ የገበሬ መኪና ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ የምሕንድስና ኃላፊ የነበሩት ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት ላይ በነበራቸው እርሻ ከጦርነቱ የተረፈች አንዲት የአሜሪካ ጂፕ ይጠቀሙ ነበር። ጂፗ ስታረጅ በምን ትተካ ከሚለው ሐሳብ ላንድሮቨር ተወለደች። ለሕዝብ የቀረበችው በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር አካሏን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። አካሉን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ከሞተሯ ኃይል ተወስዶ የውኃ መሳቢያ ወይም የመውቂያ ማሽን እንዲያዞር ተደርጋም ትሠራ ነበር።

የእኛዋ «ሲሪስ 3» ከሚባለው ትውልድ ናት። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ድረስ ተመርቷል። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 109 ኢንች፣ ማለትም 2.77 ሜትር ገደማ ነው። ወደ እኛ ስትመጣ ባለ አራት ሲሊንደር 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነበራት። አራቱም ጎማ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ የአራቱም ጎማ ፍሬን የከበሮ ፍሬን ነበር። ከዋናው የማርሽ ዘንግ አጠገብ ሁለት ትናንሽ ዘንጎች አሏት። ቢጫውን ወደ ታች ሲጫኑት የፊት ጎማዎችም ከሞተሩ ኃይል ያገኛሉ። ቀዩን ወደ ኋላ ሲስቡት ደግሞ ፍጥነቷ ይቀንስና ጉልበቷ ይበዛል፤ አራቱም ጎማ አብሮ ይነዳል። በአስፋልት ላይ ግን ቢጫውን መጫን አይገባም፤ የፊቱና የኋላው ጎማ በመታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይዞሩ ዘንጎቹና ጥርሶቹ ይወጠራሉ። ለጭቃና ለጠጠር ነው የተሠራው።

«ፍሬኑ ይይዛል?»

ዩኒየናችን መኪናዋን በጨረታ የገዛው በ1995 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ሌላ መኪና አልነበረንም። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የፖም ችግኝ፣ የዘር ድንች፣ ኦዲተር፣ የሥልጠና ወረቀት፣ አንዳንዴም የታመመ ሰው የምታመላልሰው እሷ ነበረች። እዚህ የተቀመጣችሁ ብዙዎቻችሁ ከኋላ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣችሁ ተንገጫግጫችሁባታል።

በ1999 ዓ.ም. ሞተሯ ደከመ። የዶርዜን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየነፈሰች፣ ውኃ እየፈላባት ነበር የምትወጣው። እኔም ለቦርዱ ሦስት ነገር የያዘ የጥገና ጥያቄ አቀረብኩ። አንደኛ ሞተር፣ ሁለተኛ ፍሬን፣ ሦስተኛ ቀለምና መቀመጫ። በጀቱ ለሁለቱ ብቻ ይበቃ ነበር። የገጠር ጉብኝት ስለተቃረበ መኪናዋ እንድታምር ተፈለገ። በስብሰባው ላይ አንድ የቦርድ አባል «ፍሬኑ ይይዛል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ይይዛል» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ይይዝ ነበር። ነገር ግን የጎማው ቱቦዎች ስንት ዓመታቸው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ካላወቅሁ መልሴ «አላውቅም» መሆን ነበረበት። ሞተሩን ስለፈለግሁት «ይይዛል» አልኩ። ስለዚህ ያገለገለ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ የናፍጣ ሞተር ገዝተን ገጠምን። የድሮው ሞተር 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ አዲሱ ከ100 በላይ ነበረው። አረንጓዴ ቀለም ተቀባች። ፍሬኑ «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት» ተላለፈ።

የጥቅምት 2000 ዓ.ም. ቁልቁለት

ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ከኋላ የፖም ሳጥን ጭኜ፣ ጋቢና ውስጥ ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ሰዎች ይዤ ወረድኩ። ሞተሩ አዲስ ነው፣ መኪናዋ እንደ ወጣት ትሮጣለች። እኔም በሦስተኛ ማርሽ፣ በኋላ ጎማ ብቻ እየነዳሁ ነበር።

ዶርዜን አልፈን ትንሽ እንደወረድን ፔዳሉን ስረግጠው ወለል ድረስ ገባ። አንድ የጎማ ቱቦ ፈንድቶ ነበር። የዚህች መኪና የፍሬን ዘይት መስመር ነጠላ ነው። አንዱ ቱቦ ከተበጠሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። የላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማው ላይ አይደለም ያለው፤ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። በፍጥነት ላይ ሲሳብ ጭነቱ ሁሉ በቀጭኑ የጎማ ዘንግ ላይ ያርፋል። ዘንጉ ተሰበረ። እሱ ሲሰበር የእጅ ፍሬኑም ሄደ፣ ሞተሩ በማርሽ ይዞን የነበረውም ሄደ። እንደ ድንጋይ መንከባለል ጀመርን።

በግራ በኩል ገደል ነበር። ከጋራው ጥግ ጋር አጋጨኋት። በጎኗ ወደቀች። ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የአንዲት እህታችን እግር ግን ተሰበረ። በገንዘብ ያዥነት የምታገለግል ወጣት ነበረች። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ሞተሩ አዲስ ነው ብላችሁን አልነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ በምርኩዝ ቢሆንም ቆማ እየሄደች ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ይህን እንድናገር የፈቀደችልኝም እሷ ናት። ለዚህ ነው አርዕስቴን «መጀመሪያ የሚያቆመውን፣ ከዚያ የሚያስኬደውን» ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው

ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ «ትሸጥ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እንዳለች ብንሸጣት ችግሩን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው ተብሎ እንድትጠገን ተወሰነ። በ2001 ዓ.ም. ሥራውን እንደገና ጀመርን፤ አሁን ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው።

አንደኛ፣ የሚያቆመው። ነጠላው የፍሬን መስመር ተነሥቶ በሁለት ተከፈለ፤ የፊቱ ለብቻው፣ የኋላው ለብቻው። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ፋብሪካው ራሱ በኋላ ዘመን በሠራቸው ላንድሮቨሮች ላይ የነበረ ዕቃ ስለሆነ እንግዳ ነገር አልሠራንም። የእግርን ኃይል የሚያግዝ ሰርቮም ተገጠመ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሰርቮ የሚሠራው በአየር መሳብ ነው፤ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በራሱ በቂ መሳብ ስለማይፈጥር የራሱ ፓምፕ ሊኖረው ይገባል። ፓምፑን ሳይገጥሙ ሰርቮ ማስቀመጥ ጌጥ ነው። የጎማ ቱቦዎች በሙሉ ተቀየሩ፣ የተገጠሙበትም ቀን ተጻፈ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ይለሰልሳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ይህ ሁሉ ለሞተሩ ካወጣነው ሩብ እንኳ አልፈጀም። ያሳዘነኝም ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚሸከመው። አሉሚኒየሙ አካል እንደ ብረት ስለማይዝግ መኪናዋ ከውጭ ስትታይ ጤነኛ ትመስላለች። ብረቱ ሻንሲ ግን ውስጡ ባዶ ሳጥን ነው፤ ጭቃና ውኃ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። አሉሚኒየምና ብረት በተነካኩበት ቦታ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙ ራሱ ይበላል። እኛ ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር በመዶሻ እያንኳኳን ፈተሽነው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰ ብረት ድምፁ ይደፈናል። የኋላው ማቋረጫ ብረትና አካሉን ከጎን የሚሸከሙት ክንፎች ተቆርጠው በአዲስ ብረት ተበየዱ። በበሰበሰ ብረት ላይ ቁራጭ መለጠፍ ግን ቀዳዳ መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሚያዞረውና መንገድ የሚይዘው። የመሪ መገጣጠሚያዎች ተቀየሩ። የዛጉ ባሌስትራዎች እየተፋተጉ ስለሚደርቁ መኪናዋ ትዘላለች፤ ስትዘል ጎማው መሬት ይለቃል። እኛ መሐሉ ወፍሮ ወደ ጫፉ የሚሳሳ፣ የንብርቡ ቁጥር ያነሰ ባሌስትራ አስገባን፤ ንብርቦቹ ስለማይፋተጉ ይለሰልሳል። አቅም የሌለው ማኅበር ግን አሮጌውን ፈትቶ፣ ዝገቱን አራግፎ፣ ቅባት ቀብቶ ቢመልሰው ብዙ ለውጥ ያያል። ጎማውን በተመለከተ፣ በጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አልተበላም ብላችሁ ያረጀ ጎማ አትመኑ።

አራተኛ፣ ሰውን የሚይዘው። ለፊት መቀመጫዎች ቀበቶ ተገጠመ፣ ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ብረት ላይ እንጂ በአሉሚኒየሙ ላይ አይደለም። የኋላዎቹ የጎን አግዳሚዎች ተነሡ። ሰውና ጭነት አብሮ መጫን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። በዚህ የተቀየማችሁኝ አላችሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ሞተሩ አምስተኛ ነው። ብርቱ ሞተር የሚያስፈልገው መያዝ ለምትችል መኪና ነው።

ለመግዛት ለምታስቡ

አሮጌ መኪና የምትገዙ ማኅበራት ቀለምና ሞተር አትዩ። ሻንሲውን አንኳኩ። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ሞተር ስትቀይሩም ለመዘገባችሁ መሥሪያ ቤት አሳውቃችሁ ሊብሬው ይስተካከል፤ አለበለዚያ በዓመታዊ ምርመራና በኢንሹራንስ ጊዜ ትቸገራላችሁ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን እሱ መኪናችሁን አይተካም።

ፋብሪካው የዚያን ዘር የመጨረሻ መኪና፣ ዲፌንደር የሚባለውን፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ሠርቶ አቁሟል። የመለዋወጫ ዕቃ ግን ሌሎች አምራቾች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ጥሩው ነገር ይህች መኪና በመፍቻና በመዶሻ የምትፈታ፣ ኮምፒውተር የማትጠይቅ መሆኗ ነው። መጥፎው ነገርም ይኸው ነው፤ ሁሉም ሰው መካኒክ ነኝ ይላል።

ለሾፌሮችም ሁለት ምክር አለኝ። ጎማ ስትቀይሩ የእጅ ፍሬንን ብቻ አትመኑ። የእጅ ፍሬኑ ዘንጉን ስለሚይዝ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሡ የተነሣው ጎማ በነፃ ይዞራል፣ መኪናዋም ልትሄድ ትችላለች። ሁልጊዜ ድንጋይ አስደግፉ። ሁለተኛው፣ ቁልቁለት ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ ግቡ፤ ጠጠር ወይም ጭቃ ከሆነ ቢጫውን ዘንግ ተጫኑ። ያን ቀን ተጭኜው ቢሆን ኖሮ የኋላው ዘንግ ቢሰበር እንኳ የፊት ጎማዎች ከሞተሩና ከእጅ ፍሬኑ ጋር ተያይዘው ይይዙን ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መንከባለል ደግሞ ቁጠባ አይደለም። የሚቆጠበው ጥቂት ናፍጣ ነው፣ የሚከፈለው ሰው ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

ንግግሬን የማጠቃልለው ለዚህ ጉባኤ ሦስት ጥያቄ በማቅረብ ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መኪና የራሱ መዝገብ ይኑረው። የትኛው ዕቃ መቼ ተገጠመ፣ ማን ገጠመው፣ መቼ ይቀየራል የሚለው ይጻፍበት። የማኅበራችንን ሒሳብ በየዓመቱ ኦዲት እናስደርጋለን፤ ገንዘባችንን የምንቆጥረውን ያህል ሰው የምንጭንበትን ቱቦ ዕድሜ ብንቆጥር ምን ይገደናል? እኔ ያን ቀን መዝገብ ቢኖረኝ «ይይዛል» ብዬ አልመልስም ነበር።

ሁለተኛ፣ የፍሬንና የጎማ በጀት ለብቻው ይያዝ፤ ወደ ቀለም፣ ወደ መቀመጫ፣ ወደ መስተንግዶ እንዳይዛወር በጉባኤ ይወሰን።

ሦስተኛው ለሥራ ኃላፊዎች ነው፤ በአክብሮት ነው የምናገረው። ሾፌር «ይህች መኪና ዛሬ አትንቀሳቀስም» ሲል ሰነፍ ነው አትበሉት። ስብሰባ ይረፍድ ይሆናል፣ ጉብኝት ይተላለፍ ይሆናል። ሾፌሩ መዝገቡን አሳይቶ ምክንያቱን ከተናገረ እንቢ የማለት መብት ይኑረው። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን በጽሑፍ ቢሰፍር፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ወጣት እንደ እኔ በስብሰባ ፊት አያፍርም።

መኪናዋ የማንም የግል ንብረት አይደለችም። የእያንዳንዳችሁ ዕጣ በውስጧ አለ። እናንተ ድንች ሸጣችሁ፣ ፖም ለቅማችሁ በገዛችኋት መኪና ነው የምትሳፈሩት። ባለቤት ነን የምንል ከሆነ ስለ ጉልበቷ ብቻ ሳይሆን ስለ ፍሬኗም እንጠይቅ። ከእንግዲህ ማንም የቦርድ አባል «ፍሬኑ ይይዛል?» ብሎ ሲጠይቅ በቃል መልስ አይርካ። «መዝገቡን አምጣ» ይበል።

ስብሰባው ሲያበቃ በር ላይ ያለችውን መኪና ማየት የምትፈልጉ ኑ። ኮፈኗን ከመክፈቴ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ሥሯን እንድታዩ አደርጋለሁ።